ቡክ የተደረገው መርዶ

እኔ የትራም ሰሌዳ አላምንም። እዚህ ሜልበርን፣ አስኮት ቬል ፌርማታ ላይ የተሰቀለው መብራት «አሁን ይደርሳል» ሲለኝ አንገቴን አስግጌ ሐዲዱን አያለሁ እንጂ ከአግዳሚው ንቅንቅ አልልም። የምነሳው ትራሙን በዓይኔ ሳየው ብቻ ነው። ልጄ በዚህ ትበሽቃለች። «ዳድ፣ ጀስት ትረስት ኢት» ትለኛለች፤ ዝም ብለህ እመነው ማለቷ ነው። እሷ ምን ታድርግ፣ ያደገችው የተነገረው ነገር እውነት በሚሆንበት አገር ነው፤ ቢያንስ ትራምን በተመለከተ።

እኔ ያደግሁት ምሽግ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ጢሜ ሳያቀመቅም ሰሜን ግንባር ወርጄ የሬዲዮ መገናኛ ወታደር ሆንኩ። ማታ ማታ የሻለቃችን የፖለቲካ ካድሬ ሰብስቦ ዜና ያነብልን ነበር። ድምፁ ያምራል፤ ይህን አልክድም። እኛም ዜና አሰማም ተምረን ነበር። «ወገን ጦር ለተሻለ ይዞታ ቦታ ለቀቀ» ካለ የጫማችንን ማሰሪያ እናጠብቃለን። «ጠላት የመጨረሻ መፍጨርጨር ላይ ነው» ካለ ዞር ብለን ከኋላችን እናያለን። «የሠራዊቱ ሞራል ከምንጊዜውም በላይ ተገንብቷል» ያለ ቀን ደግሞ ስኳር እንዳለቀ ገብቶን የተረፈችንን እንደብቃለን። አንድም ቀን አሳስቶን አያውቅም። እንዲህ የሚታመን ውሸታም ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም።

እግዜር ቀልድ ያውቃልና ያ ካድሬ ዛሬ ሜልበርን ነው። እኔም፣ ያኔ አዛዣችን የነበሩት ሻምበልም፣ የምሽግ ጓደኛዬ ሃምሳ አለቃውም እዚሁ ነን። አንዳችን በሱዳን፣ አንዳችን በኬንያ፣ ሁላችንም በስደተኛ ካምፕ አልፈን ደረስን። አንዳችን ታክሲ ነዳን፣ አንዳችን ፋብሪካ ዶሮ ገነጠልን፣ አሁን ሁላችንም ጡረተኛ ነን። ማሪቢርኖንግ የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ምግብ ቤቶቹ መሐል፣ ከተንቀሳቃሹ ደረጃ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ የእኛ ናት። ሻምበሉ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ከዚያ የመጣ የሄደውን ይቆጣጠራሉ፤ እስካሁን የተገኘው ሰርጎ ገብ ግን ልጇን በጋሪ የምትገፋ እናት ብቻ ናት።

ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ የኖረ ሰው ውሸትን ከሩቅ ይለያል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ካድሬው ግን ስልክ ከያዘ ወዲህ የማያምነው ነገር የለም። የሎሚ ልጣጭ ጉልበት ያድሳል ሲሉት ያምናል። ማሪቢርኖንግ ወንዝ ውስጥ ዓሣ ነባሪ ታየ ሲሉት አምኖ፣ በዚያ በሚቆርጥ ነፋስ እየጎተተ ወንዙ ዳር አቁሞናል። እኛም ሄድን፤ እሱ ለማመን፣ እኛ ላለማመን። አንዲት ዳክዬ አይተን ተመለስን።

ሻምበሉ የእሱ ተቃራኒ ናቸው። የመጣላቸውን ቪዲዮ ሁሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይመረምራሉ። «ጥላው ወዴት ነው የወደቀው? ይሄ ጫማ የማን ጦር ጫማ ነው? በዚህ ወር እዚያ አገር ሣር ይደርቃል እንዴ?» ይላሉ። አንድ ጊዜ የገዛ እህታቸው ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ቢላክላቸው «ሐሰት ነው፤ ሙሽራው የተለጠፈ ነው» ብለው ወሰኑ። ሙሽራው በኋላ ሜልበርን መጥቶ እጃቸውን ጨበጣቸው። አሁንም ድረስ ሙሉ በሙሉ የተቀበሉት አይመስለኝም።

የሃምሳ አለቃው አለማመን ግን ከሁላችንም ይለያል። እሱ አንድ ጊዜ ሞቷል። ያኔ ከበላይ ጀግና ስጡን የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ ካድሬያችን ሃምሳ አለቃው ያለበትን ጓድ በሙሉ መርጦ «እስከ መጨረሻው ጥይት ተዋግቶ ተሰዋ» ብሎ አስተላለፈ። ጓዱ በሙሉ በዚያ ሰዓት ወንዝ ወርዶ ልብስ ያጥብ ነበር። ወሬው አገር ቤት ደርሶ እናቱ ደረቷን ደቃች። እሱ ፈቃድ ወጥቶ ቤቱ ሲደርስ የራሱ ተዝካር ላይ ደረሰ። ቄሱ ሮጡ፣ እናቱ ወደቀች። ይህን ሲነግረን የተዝካሩ ጠላ ቀጥኖ ነበር ብሎ ያሳስቀናል። እናቱ ግን ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ክንዱን ትነካው እንደነበር የነገረኝ ለእኔ ብቻ ነው። እህቱም ይህንኑ አመል ከእናቷ ወርሳለች አሉ።

ካድሬውን ይቅር ብሎታል ወይ ብትሉኝ፣ አላውቅም። አጠገቡ ይቀመጣል፤ የሚናገረውን ግን አያምነውም። «ዛሬ ሐሙስ ነው» ቢለው እንኳ ስልኩን አውጥቶ ያያል።

ሃምሳ አለቃው ልጅ የለውም። ያለው የእህቱ ልጅ ነው። ልጁ ትንሽ ሳለ ሊጠይቃቸው ሄዶ ከዚህ ያማረ ሬዲዮ ይዞላቸው ነበር። በማግስቱ ሬዲዮው መሬት ላይ ተበታትኖ ተገኘ። ልጁን «ማን ሰበረው?» ቢለው «ድመቷ» አለ። በዚያ ቤት ድመት የለም። በሰፈሩም የለም፤ የጎረቤት ውሾች አያስቀምጡም። ቢለምነው፣ ቢያስፈራራው፣ ከረሜላ ቢያሳየው፣ ልጁ ከድመቷ ፈቀቅ አላለም። «ምርመራ ላይ ትልልቅ መኮንኖች ሲናዘዙ አይቻለሁ» ይለን ነበር ሃምሳ አለቃው ጠረጴዛዋን እየመታ፣ «ይሄ ልጅ ግን ድመቷን ይዞ ይሞታል!» በዓለም ላይ የሚያደንቀው ውሸታም እሱን ብቻ ነበር። ልጁ አደገና ወታደር ሆነ። አጎቱ በስልክ እየለመነ ሊያስቀረው ሞክሮ ነበር፤ አልሆነም።

አንድ ረቡዕ ሃምሳ አለቃው የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረውና ሦስታችን ብቻ ተገናኘን። ካድሬው ፊቱ ዐመድ መስሎ መጣና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የዚያ ልጅ ፎቶ ነው፤ የደንብ ልብስ ለብሷል፤ ግራና ቀኙ ሻማ ይነድዳል። ከሥሩ ልጁ ያለበት ክፍለ ጦር ሙሉ በሙሉ መደምሰሱ ተጽፎ «ነፍስ ይማር» ይላል።

«ሐሰት ነው» አሉ ሻምበሉ ወዲያው። «ሻማዎቹን እያቸው። አንዱ ወደ ቀኝ ይነድዳል፣ አንዱ ወደ ግራ። ነፋሱ ከየት ነው የመጣው?»

«ሻምበል፣ ሻማውን ይተዉት፤ ልጁ እኮ ነው!» አለ ካድሬው።

የልጁ ቁጥር እኔም ጋ ነበርና ደወልኩ፤ አይጠራም። በማግስቱም አይጠራም።

ሌላ አገር ሰው ቢሆን እናቱን ደውሎ ይጠይቃል። እኛ ግን መጠየቅ አንችልም። ምናልባት አልሰማች ይሆናል፤ «ልጅሽ ደህና ነው ወይ?» ብሎ ከሜልበርን የሚደውል ሰው መርዶ ነጋሪ ነው። ሃምሳ አለቃውንም መጠየቅ አይቻልም። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻ አይነገርም፣ በማለዳ ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ ልንጠይቀው አንችልም፤ ልንጠይቅ የምንችለው የማያውቀውን ብቻ ነው። እንደዚያው አደረግን።

ካድሬው ለማጣራት ብሎ ፎቶውን ለሚያውቀው ሁሉ ሼር አደረገው። ከደረሳቸው አንዷ ከሻምበሉ ፎቅ በታች የሚኖሩት እትዬ ናቸው፤ እያለቀሱ ወጥተው ለሻምበሉ ነገሯቸው። ሻምበሉ ደወሉልኝ። «ሌላ ምንጭ ተገኘ» አሉኝ፣ ሻማውን ረስተው። እኔ ደግሞ ለካድሬው ደውዬ «ሻምበልም ከሌላ ሰው ሰምተዋል» አልኩት። ካድሬው «ከሦስት ምንጭ ተረጋግጧል» ብሎ ጻፈ። በጉብዝናዬ ጊዜ እንዲህ ያለ ዜና ሲነበብ ከጫማዬ ማሰሪያ ጋር እታገል ነበር። አሁን ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ መርዶውን ማዘጋጀት መጣ። ካድሬው በስልኩ ግሩፕ ከፍቶ መጀመሪያ ያንኑ «ከሦስት ምንጭ ተረጋግጧል» ለጠፈ። ሐሙስ እንዳይሆን እትዬ አፖይንትመንት አላቸው፤ ዓርብ እንዳይሆን ግማሹ ሰው ናይት ሺፍት ነው። በመጨረሻ መርዶው ለቅዳሜ ጠዋት ቡክ ተደረገ። ማን እንጀራ ያመጣል፣ ማን ወጥ ይሠራል፣ መኪና የት ይቆማል ተባለ። መኪና የትም እንዳይደረደር ተማከርን፤ ሃምሳ አለቃው በሚኖርበት ኬንሲንግተን ፎቅ ሥር በማለዳ የሐበሻ መኪና ከተሰለፈ ሕንጻው በሙሉ መርዶ መሆኑን ያውቃል። አንዱ «የደም ግፊት አለበት፣ መድኃኒቱን ሳይውጥ እንዳይነገረው» ሲል፣ ሌላው «ድሮም ግትር ነው፣ አያለቅስም» አለ። ሌላው ደግሞ «ያለቅሳል፤ እኔ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ» ብሎ መለሰ። ሙግቱ ደርቶ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሃምሳ አለቃው ጠረጴዛችን ላይ ሲመጣ ሁላችንም ተነስተን ወንበር እንስብለት ጀመር። ሻምበሉ ኬክ ገዙለት። ካድሬው በየደቂቃው «በረደህ?» ይለዋል።

«ምነው ሁላችሁም እንደ ነርስ ታዩኛላችሁ?» አለ።

«ክረምቱ ነው» አልኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይህ የተባለው ለእሱ ነው ብዬ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ። እሁድ እሁድ ከእህቱ ጋር በስልክ ያወራል። «እንዴት ናት?» ብዬ ብጠይቀው «ደህና ናት፤ ስለ ዝናብ አወራን» አለኝ። እሷም ሳትሰማ ቀርታለች ማለት ነው ብዬ ለግሩፑ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ፎቁ ሥር ተሰበሰብን። ሴቶቹ ጥቁር ሻሻቸውን ከኮት ሥር ደብቀዋል። ሊፍቱ ውስጥ ውሻ የያዘ አንድ ፈረንጅ አብሮን ገባና «ፓርቲ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ሻምበሉ «የስ» አሉት። ምን ይበሉ።

ገና ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ሃምሳ አለቃው ሱፉን ለብሷል፤ ጫማው ተወልውሏል። ከኋላው ሳሎኑ ውስጥ ወንበር በወንበር ሆኗል፤ ከጎረቤት የተዋሰው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ጭምር። ከፊታችን ቆሞ አንድ በአንድ አየን።

«ግቡ» አለ። «እመጣለሁ ያላችሁት ከዚህ ትበዛላችሁ። የቀሩት የት ናቸው?»

ሃምሳ አለቃው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አሳየን። ግሩፑ ነበር። ካድሬው የመርዶውን ግሩፕ ሲከፍት የዕድራችንን አባላት ስልክ በጅምላ ነበር የጨመረው። ሃምሳ አለቃውም የዕድሩ አባል ነው። ስሙን አልጻፈበት፣ ምስሉም ከስልኩ ጋር የመጣች አበባ ናት፤ ማንም ልብ አላለውም። ለራሱ መርዶ ተጠርቶ፣ ወጡን ማን እንደሚሠራ፣ ያለቅሳል አያለቅስም ተብሎ የተከራከርነውን በሙሉ ዝም ብሎ ሲያነብ ከርሟል።

«ግትር ነው ያለው ማነው?» አለ። አንድ ሰው ወደ ግድግዳው ዞረ።

ካድሬው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሃምሳ አለቃው ግን እንደ መርማሪ መሐላችን ቆመ። «ከሦስት ምንጭ ተረጋግጧል ብላችኋል። እሺ። ማን ነገረህ?» አለኝ።

«ሻምበል።»

«ሻምበል፣ እርስዎንስ?»

«እትዬ ነግረውኝ ነው።»

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «እኔማ እሱ ነው የላከልኝ» አሉ፣ ወደ ካድሬው እያመለከቱ።

«አንተስ ከማን ሰማህ?» አለው ካድሬውን።

«ስልኩ ላይ አየሁት… ከዚያ ደግሞ እነሱም ሰምተናል ሲሉኝ…» አለ ካድሬው፤ ያ ያማረ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ።

እኔ ያኔ ነው የገባኝ። ሦስቱ ምንጭ አንድ ቧንቧ ነበር። የግንባር ዜና ሲነበብ ከንፈሬን የምነክስ ሰውዬ፣ የራሴን ወሬ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼ አለቀስኩበት። በጣም ነደደኝ፤ በራሴም በሻምበሉም።

«ታዲያ ሐሰት መሆኑን ካወቅህ ለምን አላስቀረኸንም?» አሉ ሻምበሉ።

«ሐሰት ነው አላልኩም። አላውቅም» አለ። «ትናንት ከማላውቀው ቁጥር መልእክት መጣልኝ። ‹ጋሼ አለሁ፣ ቆስዬ ነው፣ መቼ ልደውል?› ይላል። እሱንም አላመንኩም። ልጁ ሞተ ያለኝም ስልክ ነው፣ ልጁ አለ ያለኝም ስልክ ነው። ስለዚህ እሱንም እናንተ ባላችሁት ቅዳሜ ጠዋት ደውል ብዬ ቀጠርኩት። ብቻዬን አልችለውማ!»

ተቀመጥን። ሻይ መቅዳት ሲጀምር እትዬ ተቀበሉት። ሰው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ስልክ ያይ ነበር። አገር ቤት አሁን ሌሊት ነው፤ ኔትወርኩ የሚገኘውም ሰው ሲተኛ ነው አሉ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገባች፤ ባቡሩ ከታች አለፈ።

ስልኩ ጮኸ። ቪዲዮ ነው። አንድ ጭንቅላቱ በፋሻ የተጠመጠመ ወጣት ብቅ አለና ምስሉ ደረቀ፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ። «ጋሼ!» አለ። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሃምሳ አለቃው ግን እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«ከንፈሩና ድምፁ አልተገናኘም» አሉ ሻምበሉ በሹክሹክታ። «አሁን ይህን በማሽን ይሠሩታል።»

ሃምሳ አለቃው ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋ። «አንተ ልጅ» አለ። «አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። እውነቱን ንገረኝ። ያን ሬዲዮ ማን ሰበረው?»

ምስሉ ደርቆ ይሁን ልጁ ዝም ብሎ አልታወቀም። እኔ በልቤ፣ እውነቱን እንዳትናገር፣ አደራህን እውነቱን እንዳትናገር እያልኩ እለምነው ነበር።

«ድመቷ ናት አልኩህ እኮ፣ ጋሼ» አለ ልጁ።

ሃምሳ አለቃው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሱፉን ለብሶ፣ ሁላችንም ፊት፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ያለቅሳል ያለው ሰው ትክክል ነበር። እልልታው ቤቱን አናወጠው፤ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። ካድሬው ጥግ ላይ ሆኖ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ ይንሰቀሰቃል። ሃምሳ አለቃው በእንባው መሐል ቀና ብሎ አየውና «ና፣ ተነስ፣ ሻይህ በረደ» አለው። ከዚህ የበለጠ ይቅርታ ሰጥቶት አይቼ አላውቅም።

ልጁ እናቱ ጋ ገና አልደወለም ነበር። በሌሊት ስልክ ሲጮህ ልቧ ይቆማል ብሎ ፈርቶ፣ «አንተ ንገራት» ብሎ ዘጋ። ሃምሳ አለቃው ደወለ። አንድ ጊዜ እንኳ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሳ፤ በዚያ ሌሊት አልተኛችም።

«ወንድሜ፣ ሰማህ?» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«ብቻህን ነህ፣ በሰው አገር ምን ትሆናለህ ብዬ ደበቅሁህ…» አለችና ልቅሶዋ ፈነዳ። በየእሁዱ ስለ ዝናብ ሲያወሩ የከረሙት ለካ ሁለቱም ያንኑ ፎቶ ደብቀው ነው።

«ስሚኝ፣ ልጅሽ አለ። ቆስሏል እንጂ አለ። አሁን አናግሬው ነው።»

«አትሸንግለኝ» አለች። «ልታጽናናኝ ነው። በስልክ የሚታየው ሁሉ ይሠራል ብለውኛል። በእናታችን ይዤሃለሁ፣ አታታልለኝ።»

ሃምሳ አለቃው ዞር ብሎ ሁላችንንም አየን። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሬዲዮውን ማን ሰበረው ብዬ ጠየቅሁት» አላት።

ልቅሶው ቆመ። «ምን አለህ?»

«ድመቷ።»

ከዚያ እንደ ሳል ያለ ነገር መጣ፣ ቀጥሎም ሳቅ፣ ቀጥሎም «ይሄ ውሸታም! ይሄ ውሸታም ልጄ!» የሚል ጩኸት። እልልታዋን ስታቀልጠው የስልኩ ድምፅ ተሰነጠቀ። በዚያ ሌሊት ጩኸት የሰሙ ጎረቤቶቿ መርዶ ተረዳች ብለው እያለቀሱ ሲሮጡ፣ በር ሲገፋ፣ ደረት ሲመታ ኬንሲንግተን ድረስ ይሰማን ነበር። እሷ «ድመቷ ናት ብሏል! ድመቷ ብሏል!» ትላቸዋለች፤ እነሱ ደግሞ «አበደች፣ ያዟት!» እያሉ ያለቅሳሉ። ሃምሳ አለቃው ስልኩን አልዘጋውም። ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ፣ ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ እስክታሳምን ድረስ፣ በግራ እጁ፣ እንደ እናቱ፣ የገዛ ቀኝ ክንዱን ይዞ አዳመጠ።